ህንጻውስ ዳነ፣ ለማን ነው የዳነው?

(ይህ ጽሁፍ ስለ አሮጌ ህንጻዎች አያያዝ በተካሄደ አንድ ውይይት ላይ ጸሐፊው በንግግር ያቀረበው ነው። ለጋዜጣ እንዲመች እዚህም እዚያም ከማሳጠር በስተቀር እንደተነገረ ቀርቧል። «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)



ስለ አሮጌ ህንጻ ንግግር አድርግ የሚል ጥሪ ሲደርሰኝ ጥሪውን ያመጣልኝን ወዳጄን «እኔን ምን አገባኝ?» አልኩት። አርክቴክት አይደለሁም፤ መሃንዲስም አይደለሁም፤ እየጻፍኩ የማድር ሰው ነኝ። እሱም «ህንጻው ሲፈርስ እቃውን ተሸክሞ የሚወጣው ሰው እኮ መሃንዲስ አይደለም» አለኝ። አፌን ያዝኩ። እውነቱን ነው። አንድ ህንጻ ውስጥ ኪራይ ከፍሎ የሚነግድ አለ፤ ፎቁ ላይ ልጅ የሚያሳድግ አለ፤ በረንዳው ሥር ጫማ የሚጠርግ፣ ሎተሪ የሚያዞር አለ። ህንጻው ሲታደስም ሆነ ሲፈርስ ዱላው መጀመሪያ የሚያርፈው እነዚህ ላይ ነው። ስለዚህ እኔንም ያገባኛል፤ እናንተንም ያገባችኋል።

እኛ ዘንድ የአሮጌ ህንጻ ነገር ሲነሳ ሁለት ድምጽ ብቻ ነው የሚሰማው። አንደኛው «ይፍረስ! ከተማዋን አቆሸሸ» ይላል። ሁለተኛው «እንዳትነኩት! ታሪክ ነው» ይላል። ሁለቱ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ሲጯጯሁ፣ ህንጻው ደግሞ ጣራው እያፈሰሰ፣ ወለሉ እየበሰበሰ በራሱ ጊዜ ይወድቃል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሦስተኛው መንገድ ነው። አሮጌውን ህንጻ አድሶ አዲስ ሥራ መስጠት። ባለሙያዎቹ «ቅይጥ አገልግሎት» ይሉታል። ሱቁም፣ መኖሪያውም፣ ቢሮውም፣ ሀኪም ቤቱም በአንድ ጣራ ሥር ማለት ነው።

ነገር ግን ሦስተኛውን መንገድ ላሞግስ ብቻ አልመጣሁም። ህንጻ ድኖ ሰው የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ግድግዳው በወርቅ ቀለም ተቀብቶ፣ ድሮ የሚገባበት ሰው በሩ ላይ በዘበኛ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው ጥያቄዬን ከወዲሁ የማስቀምጠው፦ ህንጻውን ማዳንስ እሺ፣ ለማን ነው የምናድነው?

መልሱን ለመፈለግ ሁለት ህንጻዎች አሳያችኋለሁ። አንዱ ፓሪስ ነው፤ ሌላው አሜሪካ፣ ሜምፊስ ከተማ። ሁለቱም ትላልቅ መደብሮች፣ ማለትም ዲፓርትመንት ስቶሮች ነበሩ። ሁለቱም ተዘጉ። ሁለቱም ከረጅም ዘመን በኋላ ተከፈቱ። አከፋፈታቸው ግን ለየቅል ነው።

ከድልድይ ጉልት እስከ ብረት ቤተ መንግስት

ከፓሪስ እንጀምር። ሴን ወንዝ ላይ ፖን ኔፍ የሚባል ድልድይ አለ። በዚያ ድልድይ ላይ በድሮ ዘመን የወንዙን ውሃ ስቦ ወደ ንጉሡ ቤተ መንግስት የሚያደርስ ትልቅ ፓምፕ ተተክሎ ነበር። ፓምፑ ላይ ደግሞ ጌታችን ከሳምራዊቷ ሴት ጋር በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ሲነጋገር የሚያሳይ ቅርጽ ነበረበት። የፓሪስ ሰው ቦታውን «ሳማሪቴን» አለው፤ ሳምራዊቷ ማለት ነው። ፓምፑ በ1813 ቢፈርስም ስሙ ቀረ።

ኤርነስት ኮኛክ የሚባል ነጋዴ በዚያው ድልድይ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። በኛ ቋንቋ የጉልት ነጋዴ ነው። በ1870 አጠገቡ አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈተና ስሙን ከሰፈሩ ወስዶ «ሳማሪቴን» አላት። ቀጥሎ ማሪ ልዊዝ ዣይን አገባ። እሷ ቦን ማርሼ በሚባለው በዘመኑ ገናና መደብር ውስጥ ሻጭ የነበረች፣ ንግድ የገባት ሴት ነበረች። ባልና ሚስት ተጋግዘው ከዚያች ሱቅ ተነስተው የፓሪስን ግዙፍ መደብር አቆሙ። ልጅ ስላልነበራቸውም ሀብታቸውን ለበጎ አድራጎት የሚያውል ድርጅት በ1916 መሠረቱ።

ይሄን ታሪክ የምነግራችሁ ለጨዋታ አይደለም። እነዚህ መደብሮች ሲመጡ የከተሜውን ኑሮ ለውጠውታል። ዋጋው እቃው ላይ ተጽፎ ይለጠፋል፤ ጭቅጭቅ የለም። ባትገዛም ገብተህ ማየት ትችላለህ፤ «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ የሚያፈጥብህ የለም። ለአንድ ምስኪን ሠራተኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሳማሪቴን የራሱን መፈክር ያወጣውም ከዚህ ተነስቶ ነው፦ እኛ ዘንድ ሁሉም ነገር ይገኛል! እውነትም ይገኝ ነበር። ምስማርና መዶሻ፣ የሥራ ቱታ፣ የቤት እንስሳ ሳይቀር ይሸጥ ነበር። ሀብታሙ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ሳማሪቴን የሠርቶ አደሩ መደብር ነበር።

ህንጻውን የሠራው ፍራንዝ ዡርዳን የሚባል አርክቴክት ነው። በ1910 የተጠናቀቀው ዋናው ክፍል ብረቱ የማይደበቅ፣ መሃሉ ላይ የመስታወት ጣራ ያለው፣ ብርሃን ከላይ እስከ ምድር ቤት የሚወርድበት ነው። ከላይኛው ፎቅ ዙሪያ ፒኮክ የሚባሉት ባለ ረጅም ጭራ ወፎች ተስለዋል። ዛሬ ሁሉም ያደንቀዋል። በዘመኑ ግን «ይሄ የብረት ክምር ከተማችንን አበላሸ» ያሉ ሞልተው ነበር። በ1920ዎቹ ህንጻው ወደ ወንዙ በኩል ሲሰፋ ከተማው ብረቱ በድንጋይ እንዲለብስ አስገድዷል። ሄንሪ ሶቫዥ የሚባል ሌላ አርክቴክትም አብሮ ገባበት። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ የዛሬው ቅርስ የትናንት ስድብ የነበረበት ጊዜ ብዙ ነው። በ1990 ይኸው የተሰደበው የብረት ህንጻ በታሪካዊ ቅርስነት ተመዘገበ።

በሩ ሲዘጋ፣ ክሱ ሲከፈት

በ2001 ኤልቪኤምኤች የሚባለው የፈረንሳይ የቅንጦት እቃ ኩባንያ የሳማሪቴንን አብላጫ ድርሻ ገዛ። በሰኔ 2005 በሩ ተዘጋ። የተሰጠው ምክንያት ህንጻው ለእሳት አደጋ የተጋለጠ ነው የሚል ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። የሠራተኛ ማህበሮቻቸው «ይሄ ነገር የእሳት ሳይሆን የመሬት ጨዋታ ነው» ብለው ተከራከሩ። ሴን ወንዝ ዳር፣ ከሉቭር ሙዚየም አጠገብ ያለ ቦታ እኮ ነው! እዚህ ላይ ከእቃው ይልቅ ቦታው መወደዱ ለማንም አይጠፋም።

ጥቂት ዓመታት ይፈጃል የተባለው እድሳት 16 ዓመት ፈጀ። ለምን? ህንጻው ከመደብርነት ወደ ሆቴል፣ ቢሮና መኖሪያ እንዲለወጥ የከተማው የመሬት አጠቃቀም ደንብ መሻሻል ነበረበት። ከዚያ ደግሞ ክስ መጣ። እቅዱ በቅርስነት የተመዘገበውን ክፍል አድሶ፣ በሪቮሊ ጎዳና በኩል ያለውን ያልተመዘገበ ክፍል አፍርሶ፣ በቦታው ሞገድ የሚመስል የመስታወት ግድግዳ ማቆም ነበር። የነደፈው ሳና የሚባል የጃፓን የአርክቴክቶች ቢሮ ነው፤ መሥራቾቹ ካዙዮ ሴጂማና ርዩ ኒሺዛዋ በ2010 የአርክቴክቶች ትልቁን ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን የወሰዱ ናቸው። ለቅርስ የሚቆረቆሩ የዜጎች ማህበራት ግን «ሽልማታችሁን ያዙ፤ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ጎዳናችን ላይ አትስቀሉብን» ዓይነት ተቃውሞ አንስተው ፍርድ ቤት ሄዱ።

እስቲ ስሙኝ! የአንድ ሰፈር ተቆርቋሪዎች ናቸው እኮ። የከሰሱት ደግሞ የከተማውን አስተዳደር ፈቃድ ነው። ከፈቃዱ ጀርባ ያለው የአገሪቱ ትልቁ ባለሀብት ነው። በግንቦት 2014 የፓሪስ አስተዳደር ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሰረዘው። ሥራው ቆመ። በጥር 2015 የይግባኙ ፍርድ ቤት ስረዛውን አጸናው። በሰኔ 2015 ደግሞ የመጨረሻው ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ተቃራኒውን ወሰነ፤ በጎዳናው ላይ ያሉት ህንጻዎች ዱሮም አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ዘመናዊ ሥራም አይከለከልም አለ። ኩባንያው ሁለቴ ሲሸነፍ ሥራውን አቆመ። ከሳሾቹም በመጨረሻው ሲሸነፉ ፍርዱን ተቀበሉ። ማን ትክክል ነበር? እኔ አልፈርድም። ብቻ ግንባታው ዳኛውን ጠብቋል! ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይሄን ያዙ።

በሰኔ 2021 ሳማሪቴን ተከፈተ። ወጪው 750 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነው። የመስታወት ጣራው፣ የብረት ደረጃው፣ የወፎቹ ስዕል ሁሉ ታድሷል፤ ያዩት ሰዎች አፍ ያስከፍታል ይላሉ። ታዲያ ውስጡ ምን ገባ? 20 ሺህ ካሬ ሜትር መደብር፣ ቢሮዎች፣ 72 ክፍል ያለው ሆቴል፣ 80 ልጆች የሚይዝ የህጻናት ማቆያ፣ እና 96 ዝቅተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው መኖሪያ ቤቶች።

ሆቴሉ ውስጥ ለአንድ ሌሊት ከ1,000 ዩሮ በላይ ይከፈላል። መደብሩም ምስማርና ቱታ መሸጡን ትቷል፤ አሁን ሽቶውና የቆዳ ቦርሳው ነው የሚያበራው። «ሁሉም ነገር ይገኛል» የተባለበት ቤት ለሠርቶ አደሩ የሚሆን ነገር የማይገኝበት ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሌላ በኩል ግን 96 ቤተሰብ ከሉቭር ጎን በቅናሽ ኪራይ ይኖራል። እነዚህ ቤቶች ከሰማይ አልወረዱም፤ ኩባንያውም ጾም ይዞት የሰጣቸው አይደሉም። ፓሪስ ውስጥ ትልቅ ግንባታ ፈቃድ ሲጠይቅ ከተማው «ለዝቅተኛ ገቢው ሰውስ ምን አለ?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን እጁ ላይ ነዋ! ዋጋ ሳያስከፍል አይፈርምም። እዚህ ላይ ነው የኔ የመጀመሪያ ነጥብ፦ ባለሀብት ህንጻ ያድን፤ ጥሩ። ሕዝቡ በውስጡ ድርሻ የሚኖረው ግን ፊርማው ከመውደቁ በፊት በወረቀት ሲጻፍ ብቻ ነው። ከፊርማው በኋላ የሚለመነው ነገር ምጽዋት ነው።

ድር ቢያብር

አሁን ደግሞ ውቅያኖስ ተሻግረን ወደ ሜምፊስ እንሂድ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 የተገደሉባት፣ ኤልቪስ ፕሪስሊ የኖረባት ከተማ ናት። ሀብታም ከተማ አይደለችም። ብዙው ነዋሪዋ ጥቁር ነው፤ ድህነቱም የከፋ ነው።

ሲርስ የሚባለው ኩባንያ በ1927 እዚያ አንድ ግዙፍ ህንጻ ሠራ። ሥሩ መደብር፣ ላዩ ደግሞ በፖስታ የሚታዘዝ እቃ የሚላክበት መጋዘን። ሲርስ እቃውን በካታሎግ ያሳያል፤ ገበሬው ካለበት ሆኖ መርጦ ገንዘቡን ይልካል፤ እቃው በባቡር ይደርሰዋል። በዚያ የዘር መድልዎ ዘመን ነጭ ባለሱቅ ለሚያንጓጥጠው ጥቁር ገበሬ ይሄ መገላገያ ነበር፤ ካታሎግ የቆዳ ቀለም አያይም። ህንጻው እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ 140 ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ ደረሰ። ከሳማሪቴን ሁለት እጥፍ ማለት ነው።

ጊዜው ተለወጠና በ1993 ህንጻው ጨርሶ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ መስኮቱ ተሰባብሮ፣ እርግብ ሰፍሮበት ቆመ። ለማደስ የሚደፍር ጠፋ፤ ለማፍረስም የሚጨክን ጠፋ። ሰፈሩም አብሮት ደከመ። ትልቅ ህንጻ ሲሞት ብቻውን አይሞትም፤ ምሳ የሚሸጥለትን፣ ጸጉር የሚቆርጥለትን ሁሉ ይዞ ነው የሚሞተው።

ማን አዳነው መሰላችሁ? ቶድ ሪቻርድሰን የሚባል የዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህርና ክሪስቶፈር ማይነር የሚባል የሥነ ጥበብ ሰው በ2010 አንድ ለትርፍ ያልቆመ ማህበር አቋቋሙ። ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው እግር ነው። በየቢሮው እየዞሩ «ይሄ ህንጻ ቢታደስ ትገባላችሁ ወይ?» ብለው ጠየቁ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተለየው። ብዙውን ጊዜ ህንጻ ይሠራና ተከራይ ይፈለጋል። እነዚህ ተከራዩን ቀድመው ሰበሰቡ። ኢንሹራንስ የሌላቸውን ሠራተኞች የሚያክም ቸርች ኸልዝ የሚባል ድርጅት በየቦታው የተበተኑ ክፍሎቹን አንድ ላይ ላመጣ ብሎ ገባ። የልጆች ካንሰር የሚያክመው የሴንት ጁድ ሆስፒታል ለቢሮ ቦታ ያዘ። መምህራን የሚያሰለጥን ድርጅት መጣ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ፊርማዎቹን ይዘው ባንክ ሄዱ። ባንክ ታሪክ አይሰማም፤ የኪራይ ውል ግን ይሰማል።

ወጪው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። አንድ ሰው አላወጣውም፤ ከብዙ ምንጭ ተለቃቅሞ ነው የሞላው። ከተማው 15 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ። ትልቁ እርዳታ ግን የአሜሪካ የግብር ሕግ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት በታሪካዊነት የተመዘገበና ገቢ የሚያስገኝ ህንጻ በደንቡ ያደሰ ሰው ካወጣው የእድሳት ወጪ 20 በመቶውን ከሚከፍለው የፌዴራል ግብር ላይ ያነሳል። መንግስት «ቅርስ ጠብቁ» ብሎ ሰሌዳ አይተክልም፤ የጠበቀውን በኪሱ ያመሰግነዋል።

የህንጻው ችግር ስፋቱ ነበር። መጋዘን ስለሆነ መሃሉ ጨለማ ነው። ሰው ይኑርበት ቢባል መስኮት የለም። መሃንዲሶቹ ወለሎቹን ከላይ እስከ ታች በስተው ብርሃን የሚወርድባቸው ክፍት አደባባዮች አወጡ። ቦታ ቀንሰው ህንጻውን አዳኑት። በነሐሴ 2017 ተከፈተ፤ ልክ በ90 ዓመቱ። ዛሬ ክሮስታውን ኮንኮርስ ይባላል። 265 አፓርታማ፣ ክሊኒክ፣ ቢሮ፣ ምግብ ቤት፣ የሥነ ጥበብ ማሳያ አለው፤ በ2018 ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተበት። በሽተኛው፣ ተማሪው፣ ሰዓሊው፣ ቡና የሚጠጣው በአንድ ደረጃ ይተላለፋሉ። ገበያ ከሌለበት ሰዓት የለም ማለት ነው፤ ቢሮው ሲዘጋ ተከራዩ ወደ ቤቱ ይገባል። የ«ቅይጥ» ጥቅሙ ይሄ ነው። አንዱ ቢከስር ሌላው ህንጻውን ይሸከመዋል። ሲርስ ብቻውን ይሸከመው ነበርና ሲርስ ሲሄድ ህንጻውም ሄደ። ሲርስ ራሱም በ2018 ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት ገባ፤ ህንጻው ግን ከባለቤቱ በኋላ ይኸው ቆሟል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?

በመንገዴ ላይ አንድ ሌላ የሲርስ ህንጻ ልጥቀስ፤ የኛም ሰው ያውቀዋልና። በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ሌክ ጎዳና ላይ በ1928 የተሠራው የሲርስ ህንጻ በ1994 ተዘግቶ ከአስር ዓመት በላይ ባዶውን ቆየ። በ2006 ሲከፈት የአንድ ትልቅ የጤና ድርጅት ዋና ቢሮ፣ አፓርታማና ሆቴል ገባበት። ምድር ቤቱ ግን ለስደተኛ ነጋዴዎች ገበያ ተሰጠ። ሜክሲኮው፣ ሶማሌው፣ ሌላውም በትናንሽ ሱቆች ይነግድበታል። ሚኒሶታ ብዙ የአገራችን ሰው የሚኖርበት ግዛት መሆኑን ታውቃላችሁ። በሰው አገር ለመጣ ሰው በታሪካዊ ህንጻ ውስጥ የጉልት ቦታ ይሰጠዋል። እኛስ በገዛ አገራችን?

አሁን ወደ ቤታችን

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ነገሩ እዚህ ነው የሚያመው።

አራዳ የዚህች ከተማ የመጀመሪያ የንግድ ልብ ነበረች። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ የህንድ፣ የአርመን፣ የግሪክ ነጋዴዎች የድንጋይና የእንጨት ህንጻ ያቆሙባት ናት። መሐመድ አሊ የተባለው የህንዶች የንግድ ድርጅት ከነዚያ ትልልቆቹ አንዱ ነበር፤ ፋሺስት ጣሊያን አገሪቱን በያዘ በዓመቱ ነው ያባረረው። «ፒያሳ» የሚለው ስምም የዚያው የወረራ ዘመን ቅሪት ነው። ስሙ የጠላት፣ ትዝታው ግን የኛ።

ከዚያ ምን ሆነ? አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ሁሉ የመንግስት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከመቶ ብር በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች፣ ከዚያ በታች ያሉት ወደ ቀበሌ ሄዱ። ለድሃው መጠለያ ሆነ፤ ይሄን አልክድም። ግን የኪራዩ ገንዘብ ጣራ አያስጠግንም። ቀበሌው ገንዘብ የለኝም ይላል፤ ተከራዩ ቤቱ የኔ አይደለም ይላል። ማንም ያላደሰው ቤት ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ዝናብ ጠጣ። በመጨረሻ «አርጅቷል፣ ይፍረስ» ተባለ። ያረጀው ታዲያ በማን ጥፋት ነው?

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት መፍረስ ጀመረች። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ የካዛንቺስ ተራ መጣ። ብዙ ነዋሪዎች የተሰጣቸው ጊዜ አጭር እንደነበር በወቅቱ ተናግረዋል፤ ብዙዎቹም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዱ። ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራቱ ያምራል፤ የእግረኛው ወለል ተነጥፏል። ዓይኔ ያየውን አልክድም። በጭቃ ግድግዳ ውስጥ፣ ለአስር ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት እየተጋራ ለኖረ ሰው «ቅርስህን ጠብቅ» ማለትም ስድብ ነው። ሰው ንጹህ ቤት ይገባዋል። ሁሉም አሮጌ ነገር ቅርስ ነው የሚል ሰው ካለ እኔ ከሱ ጋር የለሁም።

ግን ልጠይቅ። ከፈረሱት ውስጥ ታድሶ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ ሱቅና መኖሪያ ሊሆን የሚችል ምን ያህል ነበር? ዝርዝሩ የት ተለጠፈ? ማን ተጠየቀ? አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ነው፤ ከወጣ ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል። ሕግ የለንም እንዳንል ሕጉ አለ። ፓሪስ ላይ ያየነው ግንባታ ዳኛውን ጠበቀ፤ የኛ ዶዘር ማንን ይጠብቃል?

«ታዲያ ፓሪስ 750 ሚሊዮን ዩሮ አላት፤ እኛ ምን አለን?» የሚል ይኖራል። ለዚህ ነው ሜምፊስን ያመጣሁት። የሜምፊስ ሰዎች መጀመሪያ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የተከራይ ዝርዝርና ጊዜ ነው። የኛ ከተማ ደግሞ ተከራይ አያጣም! ቦታ ያጣ ክሊኒክ፣ ቦታ ያጣ መዋዕለ ህጻናት፣ ቦታ ያጣ ልብስ ሰፊ፣ ቦታ ያጣ መጽሐፍ ሻጭ ሞልቷል። ጣይቱ ሆቴልን ተመልከቱ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ቤት ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት በላው፤ ሆኖም ዳግም እንግዳ ተቀበለ። ለምን? ሥራ ስለነበረው ነው። እንግዳ የሚያድርበት ቤት ባለቤት አያጣም። ተዘግቶ የተቀመጠ ቤት ግን «ታሪካዊ» የሚል ሰሌዳ ቢለጠፍበትም ለእሳትም ለዶዘርም ያው ነው።

ምን ይደረግ?

ወቅሶ መሄድ ቀላል ነው፤ ስለዚህ የምለውን ልበልና ልጨርስ።

አንደኛ፣ የቀሩት አሮጌ ህንጻዎች ዝርዝር ለሕዝብ ይውጣ። አዲስ አበባ ብቻ አይደለም፤ ጎንደርም፣ ድሬዳዋም፣ ጅማም የኮሪደር ሥራው ደርሷቸዋል። ሰው የትኛው ቤት እንደሚነካና እንደማይነካ አውቆ ይደር።

ሁለተኛ፣ ማፍረሻ ትዕዛዝ ከመውጣቱ በፊት «ይሄ ቤት ምን ሥራ ሊሠራ ይችላል?» የሚል ጥያቄ በወረቀት ይመለስ። መልሱ «ምንም» ከሆነ ይፍረስ። ግን ይጠየቅ።

ሦስተኛ፣ ባለሀብት አሮጌ ህንጻ ይዞ ሆቴልና ቢሮ ላድርገው ሲል፣ ከፊሉ ለዝቅተኛ ኪራይ መኖሪያ፣ ለህጻናት ማቆያና ለትናንሽ ሱቆች እንዲሆን ውሉ ላይ ይጻፍ። በሰፈሩ የነበረው ሰው የመመለስ ቅድሚያ ይኑረው። ከፊርማው በፊት!

አራተኛ፣ በደንቡ ያደሰ ሰው ግብር ይቀነስለት። ማፍረስ ከማደስ የበለጠ የሚያተርፍ እስከሆነ ድረስ ማንም አያድስም፤ ነጋዴ ነው እንጂ መነኩሴ አይደለም።

አምስተኛና የመጨረሻው ለእኛው ነው። የሰፈር ማህበር፣ የተከራዮች ማህበር፣ እድርም ቢሆን ይጠይቅ፤ ካልተመለሰለት ይክሰስ። ፓሪሶቹ ከሰው በመጨረሻ ተሸንፈዋል። ያም ሆኖ የአንድ ግዙፍ ኩባንያ ሥራ አስቁመው ምክንያቱን በዳኛ ፊት እንዲያስረዳ አድርገዋል። እኛ ክሱን እንኳ አልሞከርነውም። ሞክረን እንሸነፍ፤ ቢያንስ መዝገቡ ይቀራል፤ ልጆቻችን «ማንም አልጠየቀም ወይ?» ሲሉን የምናሳየው ወረቀት ይኖረናል።

ጥያቄ ካላችሁ እዚሁ ነኝ።